ስልኩ ላይ ሁላችሁም እኔ ናችሁ

ሥራዬ ምን እንደሆነ መቱ ውስጥ ለማንም በቅጡ አስረድቼ አላውቅም። ስላልፈለግሁ አይደለም፤ አልሆንልሽ ብሎኝ ነው። «አይቻቸው የማላውቃቸው ሰዎች ጸሐፊ ነኝ» ስላቸው ጎረቤቶቼ ይስቃሉ። «ቨርቹዋል አሲስታንት» የሚለውን አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጨርሶ ተኮሳተሩ። ነገሩ እኮ ቀላል ነው። በሟቹ አባቴ ሱቅ ጓዳ አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ስልክና አንድ የመኪና ባትሪ ይዤ፣ አዲስ አበባ ላሉ ነጋዴዎች ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ የረሱትን አስታውሳቸዋለሁ፣ ሊያናግሩት የማይፈልጉትን ሰው በትሕትና አናግርላቸዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ባትሪው አለ። ኔትወርክ ሲጠፋ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎሬ ኮረብታ ላይ እወጣና ከዚያ እልካለሁ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነበረች። «ጉዳዬን አሥር ሰው እንዲያውቅብኝ አልፈልግም፤ እኔ የማውቀው አንቺን ብቻ ነው» አለችኝ። ችግር የለም አልኳት። ሥራው በዝቶ ሁለት ልጆች ስቀጥር ግን ያ ቃሌ አሰረኝ፤ ከእሷ በኋላ የመጡትም ሁሉ ያንኑ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ በገቡበት ቀን ሁለቱንም አስቀምጬ «ስልኩ ላይ ሁላችሁም እኔ ናችሁ» አልኳቸው። አንዷ መልእክት ስትጽፍ በእኔ ስም ትፈርማለች፣ ሌላዋ ስልክ ስታነሳ በእኔ ስም ትናገራለች። ድምፅ የተለወጠበት ሰው ካለ ጉንፋን ይዞኛል ይባላል። እኛ ቤት ጉንፋን ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም ነበር። እኔም በብልጠቴ ስኩራራ ኖርኩ።

ስልክ የምታነሳው ልጅ የዳሪሙ ገበሬ ልጅ ናት። አማርኛዋም ኦሮምኛዋም ጥርት ያለ ነው። የእኔ ኦሮምኛ የሱቅ ኦሮምኛ ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንስ፣ ጨምር፣ ነገ ና። ከዚያ ካለፈ ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሆነው ከሁሩሙ ንብ አናቢዎች ማር የሚገዙ አንድ ትልቅ ሰው ጸሐፊ ፈልገው ሲደውሉ፣ ሥራቸውን እንዳለ ለእሷ ሰጠኋት። ማር ነጋዴው ኦሮምኛ አይችሉም። አናቢዎቹን አንድ በአንድ እየደወለች ማን ማር እንደቆረጠ የምትጠይቀው፣ መኪናው መቼ እንደሚደርስ የምትነግረው፣ የተጣላውን የምታስታርቀው እሷ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ እኔ እንደሆነች አምነው ኖሩ።

አንድ ቀን ደወሉላት። በድምፅ ማጉያው ስለነበር እኔም ሰማሁ። «ሐሙስ መቱ እመጣለሁ ልጄ። እስቲ በዓይኔ ልይሽ፤ አብረንም ሁሩሙ እንሄዳለን። ሁለት ጓደኞቼ እንዳንቺ ያለ ሰው ይፈልጋሉ፤ አይቼሽ ስመለስ አገናኝሻለሁ።» ልጅቷ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና አየችኝ።

የሥራዬ እኩሌታ እሳቸው ነበሩ። ጓደኞቻቸው ከተጨመሩ ከጓዳው ወጥተን ዋናው መንገድ ላይ ቢሮ እንከፍታለን። እሳቸው ከቀሩ ደግሞ ከሁለቱ ልጆች አንዷን ማሰናበቴ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያቆየኝ ሥራ አልነበረኝም። እሷ በእኔ ስም ሄዳ ታግኛቸው እንዳልል፣ በሚያርፉበት ሆቴል ከዘበኛው ጀምሮ እኔን የማያውቅ ሰው የለም። እውነቱን ላውጣውና ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ቤቱን ያቋቋምኩት እኔ ነኝ፤ ምስጋናውን ሌላ ሰው ቆሞ እንዲቀበልልኝ አልፈለግሁም። «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

ረቡዕ ከሰዓት በሩን ዘግተን ተቀመጥን። ደብተር ይዣለሁ። እሷ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ።

«ኪኒናቸውን የምታስታውሻቸው መቼ ነው?»

«ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ። ካልደወልኩ ይረሱታል።»

«ልጆቻቸውስ?»

«ሦስት ናቸው። ትንሿ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እሷ የደወለችላቸው ቀን ሥራ ይቀላል።»

«ሌላ?»

«እናታቸው የሞቱ ጊዜ ደውለው ነበር። እርስዎ ጎሬ ሄደው ነበር።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምንም። ሲያለቅሱ ዝም ብዬ ሰማኋቸው።»

ይህን ደብተር ላይ እንዴት እንደሚጽፉት ግራ ገባኝ። «እናት፣ ለቅሶ» ብዬ አለፍኩት። ቀና ስል ጣቷን እያፍተለተለች ነው።

«ምንድነው የደበቅሽኝ?»

«አባቴን ይጠይቁኛል፣ እትዬ።»

«የማንን አባት?»

«የእኔን። ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅል ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ያኔ ነግሬያቸው በየሳምንቱ ይጠይቁኛል።»

ደሜ ፈላ። «በእኔ ስም እያወራሽ ያንቺን አባት ምን አመጣው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። የእርስዎን አባት አላውቃቸውም፤ ምን ብዬ ልናገር?»

መልስ ሳጣ ደግሞ የባሰ እቆጣለሁ፤ አመሌ ነው። የትኛው እግር እንደሆነ ጠይቄ «ግራ» ብዬ ጻፍኩ። ስትወጣ ደህና ዋዪ እንኳን አላልኳትም።

ሐሙስ ጠዋት አንገቴ ላይ ሻሽ ጠቅልዬ ሆቴሉ በር ላይ ቆምኩ። ማር ነጋዴው ከጠበቅኋቸው በላይ ቀጭን ናቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ አቅፈው ሁለት ጊዜ ሳሙኝ። «ጋሼ እንኳን ደህና መጡ» አልኳቸው። ፈገግታቸው ትንሽ ወደኋላ አለ።

«ድምፅሽን ምን ነካው?»

«ጉንፋን ነው።»

«አዬ! ይሄ ዝናባችሁ።» መኪናው ውስጥ ገብተን ገና ከከተማ ሳንወጣ መጠየቅ ጀመሩ። ትናንት ማታ በስልክ የነገርኩሽን ነገር አሰብሽበት ወይ አሉ። ምን እንደነገሯት አላውቅም። «እያሰብኩበት ነው» አልኩና ሳልኩ። የመንገዱ ግራና ቀኝ የቡና ተክል ነው፤ እሱን የማይ መስዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«የአባትሽ እግር እንዴት ሆነ?»

አባቴ ከተቀበረ ሦስት ዓመቱ ነበር። እግሩ እስከ መጨረሻው ደህና ነበር፤ የገደለው ልቡ ነው። «ተሽሎታል፤ ተመስገን» አልኩ። እንዲህ ብዬ ስለ ሌላ ሰው አባት እግር ስናገር አፈርኩ። አባቴን ራሴ ሁለተኛ የቀበርኩት ያህል ተሰማኝ። ማር ነጋዴው እጄን መታ መታ አደረጉኝና «ጎሽ» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ሁሩሙ ድረስ ብዙም አላወሩም። እየጠረጠሩ ይሁን እየደከማቸው ማወቅ አልቻልኩም፤ በየመታጠፊያው አሁን ይጠይቁኛል እያልኩ እቆጥር ነበር።

ከሁሩሙ ከተማ ወጣ ብለን መኪናውን አቁመን በእግር ገባን። የምንጎበኛቸው ሽማግሌ ከአናቢዎቹ ሁሉ ማራቸው የበዛ፣ ሌሎቹም አይተው የሚከተሏቸው ሰው ናቸው። ደጃፋቸው ላይ አግዳሚ አውጥተው ጠበቁን። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ በኦሮምኛ ረጅም ሰላምታ አወረዱብኝ። በሱቅ ኦሮምኛዬ መለስኩላቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝ፤ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹን ገመትኩት፤ የገመትኩት ልክ እንዳልነበረ ከፊታቸው አወቅሁ። እጄን ቀስ ብለው ለቀቁት።

ወደ ማር ነጋዴው ዞረው በኦሮምኛ ተናገሩ። ይህን ግን አንድም ቃል ሳይቀር ተረዳሁት። «ይቺ ስልክ ላይ የማናግራት ልጅ አይደለችም» ነው ያሉት።

«ምን አሉ?» አሉኝ ማር ነጋዴው።

አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። እውነቱን ብናገር እዚያው ማለቁ ነው። ዋናው መንገድ ላይ የምከፍተው ቢሮ፣ የማሰናብታት ልጅ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ። «ቤታችሁ ነው፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የሚሉት» አልኩ።

ያላሰብኩት ነገር ሽማግሌው አማርኛ መስማታቸው ነው። መናገሩ ያስቸግራቸዋል እንጂ ገበያ ሲሸጡ የኖሩ ሰው እንዴት አይሰሙም? ፊታቸው ጠቆረ። አፋቸው ውስጥ ያላሉትን ከተትኩባቸው። ከዚህ በፊት በደላላ ተታለው ያውቃሉ፤ ማራቸውን ለእኚህ ሰው መሸጥ የጀመሩት ያቺን ድምፅ አምነው እንደነበር ልጅቷ ነግራኛለች። «አይ፣ አይ» አሉ በአማርኛ። ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ስልካቸውን አወጡ። ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብዳቸው ሁልጊዜ የሚያወሩት በድምፅ ማጉያው ነው። ወዴት ሊደውሉ እንደሆነ ገባኝ። እባክዎ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ስልኩ መጥራት ጀምሯል።

ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ። «ሄሎ» አለችና የእኔን ስም ጠርታ «ነኝ» አለች።

ማር ነጋዴው ስልኩን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ሽማግሌው ስልኩን አቀበሏቸው።

«ልጄ?» አሉ።

«አቤት ጋሼ! ደረሱ? ኪኒኑን ወሰዱ?» አለች። ከዚያ ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ ድምፅዋ ቀጥ አለ።

«አንቺ ማነሽ?»

አንዲት ዶሮ አግዳሚው ሥር እየጫረች ታልፋለች። ልጅቷ እንደገና የእኔን ስም ተናገረች። ትናንት ጮኼባት የወጣች ልጅ፣ እዚያ ጓዳ ብቻዋን ሆና የእኔን ውሸት ተሸክማ አልጥልም ትላለች። አልቻልኩም። ስልኩን ከእጃቸው ወሰድኩ።

«ስምሽን ንገሪያቸው» አልኳት።

«እትዬ…»

«የራስሽን። አውቀዋል።»

ነገረቻቸው። ከእነ አባቷ ስም። ሽማግሌው ሰምተው «እሷ ናት» አሉ በኦሮምኛ፤ የማያውቁትን ስም ሳይሆን ድምፅዋን ነው የመሰከሩት። ማር ነጋዴው ስሟን ለራሳቸው ቀስ ብለው ደገሙት። ከኪሳቸው ስልካቸውን አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉና የእኔን ስም አጥፍተው በቁጥሬ ላይ የእሷን ጻፉ። ፊደሉን እየፈለጉ ሲጽፉ ቆሜ አየሁ።

በመልሱ መንገድ ከፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር፤ ይቅርታ ለማለት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። ሱቁ በር ላይ ስወርድ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ የምሠራው ከእሷ ጋር ነው» አሉ። «ካንቺ ጋር ልቀጥል አልቀጥል እሷ ትንገረኝ። ስለ ጓደኞቼም ያኔ እናያለን።» መኪናው ሄደ።

ወደ ጓዳው ስገባ ሌላዋ ልጅ ወጥታለች። የዳሪሙዋ ልጅ ወንበሯ ላይ ናት፤ ስልኩ ፊቷ ተቀምጧል፤ ዓይኗ አብጧል። ያሉትን ቃል በቃል ነገርኳት፤ በዚያ ቀን ያጣመምኩት ይበቃል። ከዚያ እኔ ቆሜ፣ እሷ ተቀምጣ፣ ጠበቅኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ የምቆጣት፣ የማዝዛት ልጅ ምን እንደምትል ፈራሁ።

«አልሄድም» አለች በመጨረሻ። «ግን ከእንግዲህ ስልክ የማነሳው በስሜ ነው።»

«እሺ።»

«ጓደኛዬም በስሟ ትፈርም።»

«እሺ። ሌላስ?»

ልትለው ካሰበችው ነገር ሁሉ ይሄኛው እንደከበዳት ያስታውቃል።

«እርስዎም በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም» አለች።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ አሰብኩት። እውነቷን ነው። ስልክ የያዘ ደንበኛ ሌላ ስም እንዳይሰማ ብዬ ከገባችበት ቀን ጀምሮ «አንቺ» እና «ልጅት» ስላት ኖሬአለሁ። ስልኩ ተዘግቶም፣ ምሳ ስንበላም፣ መንገድ ላይ ስንገናኝም። መጀመሪያ ጥንቃቄ ነበር፤ ቆይቶ ልማድ ሆነ። ስሟን ስቀጥራት መታወቂያዋ ላይ ካነበብኩት ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

በስሟ ጠራኋት።

«አቤት» አለች።