ሽማግሌዎቹ የመረጡልን ሽጉጥ

ትናንት ከቀትር በኋላ፣ ፎርድስበርግ በሚባለው የንግድ ሰፈር ካለው የመጋረጃ ሱቄ ፊት ለፊት ልጆች ርችት ሲያፈነዱ ዋሉ። ጩኸቱን ለምጄዋለሁ። የባሩዱ ሽታ ግን በበሩ ገብቶ ከተሰቀሉት ጨርቆች ላይ ተኛና እስከምዘጋ ድረስ አልለቀቀኝም። ደንበኛ እያነጋገርኩ፣ ጨርቅ እየለካሁ፣ ሐሳቤ ሄዶ የተቀመጠው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሽጉጥ ስንመርጥ በከረምንበት ዘመን ላይ ነበር። ያን ጊዜ ሃያ ዓመትም አልሞላኝም ነበር። ሳስታውሰው ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴቱ ነው፤ ናፍቆቱ ኋላ ይደርሳል።

ወንድሜ ዛንድስፕሩት በሚባል የቆርቆሮ ቤቶች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ ነበረው። ዳቦ፣ ወተትና ኤርታይም የሚሉት የስልክ ካርድ በሽቦ ፍርግርግ በኩል የሚሸጥባት፣ ከቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ሱቅ ነበረች። እኔን ከሆሳዕና ወደዚህ አገር ያስመጣኝ እሱ ነው፤ እንግሊዝኛዬ ከእሱ ይሻል ስለነበር አፉም ጆሮውም እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ የዳቦው መኪና አራግፎ እንደሄደ፣ ፊቱን በሹራብ ኮፍያ የሸፈነ ጎረምሳ በጎን በር ገባና ሽጉጡን እኔ ላይ ደገነ። ወንድሜ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሰጠው። ልጁ አንድ ሁለት ቃል በአገሬው ቋንቋ በዙሉ ተናገረና ወጣ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሱቁ ተዘጋ። ወንድሜ ፎርድስበርግ ለአንድ ጅምላ ነጋዴ ዕቃ እያወረደ መዋል ጀመረ። እኔ ደግሞ አቋሜን ነገርኩት፤ መሣሪያ ሳይኖር ወደዚያ ሱቅ እግሬን አላነሣም፣ አንተም እንድትሄድ አልፈልግም አልኩት። ያለችን መተዳደሪያ እሷው ነበረች። እሱም «እሺ፣ በሕጉ እንገዛለን» አለ። የቋሚ ነዋሪነት ወረቀቱ ከብዙ ዓመት ልመና በኋላ እጁ ገብቶ ነበርና ይችል ነበር። ስልጠናውን ወሰደ፣ የብቃት ወረቀቱን አገኘ፣ የብረት ሳጥን ግድግዳ ላይ አስመታ። ግን እዚህ አገር ፈቃዱ የሚወጣው ለአንድ ተለይቶ ለተመረጠ ሽጉጥ ስለሆነ፣ ማመልከቻ ከመሙላታችን በፊት መምረጥ ነበረብን። ቀረን የምንለው የጥይቱ መጠን ብቻ ነበር። በእሷ ብቻ የዚህ አገሩ ደረቅ ክረምት ገብቶ ወጣ።

ጅምላ ነጋዴው የስልጤ ሰው ነበር፣ ደግና ለፍላፊ። ካርቶን በወረደ ቁጥር ወንድሜን ያስቆመውና «ዘጠኝ ሚሊ ውሰድ፣ ጥይቱ የትም ይገኛል፣ ካዝናው አሥራ አምስት ይጎርሳል» ይለዋል። እሑድ ከቸርች ስንወጣ ደግሞ ጻካኔ በሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው ዲያቆናችን ክንዱን ይይዘዋል። «ሠላሳ ስምንት ነው የሚያዋጣህ፣ ስድስት ጎራሹ። አንዱ ጥይት እምቢ ቢል ቃታውን ደግመህ ትስባለህ፣ በቃ።» ሁለቱም በሕይወታቸው አንዲት ጥይት አልተኮሱም። ዲያቆኑ ያለው ልምድ አባቱ ጅብ አገኘሁ ብለው የጎረቤት አህያ መግደላቸው ነበር። ወንድሜ ግን ሁለቱንም አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማቸዋል፤ ሰኞ ዘጠኝ ነው፣ እሑድ ሠላሳ ስምንት ነው። እኔ በመሃል ላብድ ደረስኩ።

በመጨረሻ ጎትቼ ወደ አንድ የመሣሪያ ሱቅ ወሰድኩት። ከኋላው የኢላማ መለማመጃ አዳራሽ አለው። ባለቤቱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ካልሲ የሚለብስ አሮጌ ነጭ ነበር፤ ሲናገር አይቸኩልም። አዳራሹ ባሩድና የመሣሪያ ዘይት ይሸታል፤ መብራቱ ቢጫ ነው፤ ሌላ ሰው በተኮሰ ቁጥር ድምፁ ከጆሮ መከላከያው አልፎ ደረት ይመታል። ቀለህ ከሲሚንቶው ላይ እየነጠረ እግሬ ሥር ይመጣ ነበር፤ አንዱን ባነሣው እጄን አቃጠለኝ።

ሽማግሌው የተባሉትን ሁለቱንና ሃያ ሁለት የሚሉትን ትንሽ ሽጉጥ አስሞከረን። ክብደቱ ቀላል በሆነው ዘጠኝ ሚሊ ወንድሜ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፤ የኢላማው ወረቀት ሳይነካ ቀረ። ሠላሳ ስምንቱ አፈሙዙ አጭር፣ ክብደቱ ቀላል ስለነበር ክንዱን ወደ ጣሪያ ወረወረበት። ሃያ ሁለቱ ሲደርስ ግን ደረቅ እንጨት የተሰበረ ያህል ብቻ ነው የሚሰማው፤ ወንድሜ ወረቀቱን መታ። እኔም ሞከርኩ፤ አሥሩም ቀዳዳ በመዳፌ የሚሸፈን ቦታ ላይ ሰፈረ። ሽማግሌው ወረቀቴን አንሥቶ እያየ የተናገረውን አንድ በአንድ ተረጎምኩለት። «ትንሹ ለመማር ጥሩ ነው፣ ራስህን ልትከላከልበት ግን አልመክርህም። ትልቁም ቢሆን የሳትክበት አይጠቅምህም። ከበድ ያለ ሽጉጥ ርግጫው ይቀንሳል፤ ከባዱን ዘጠኝ ሚሊ ውሰድ፣ በየሳምንቱ እየመጣህ ኢላማ ምታበት፣ ለሁለቱም ይሆንሃል።»

ከዚህ በላይ ግልጽ ምክር ከየት ይመጣል? ከባዱንም አስሞከረው፤ ዓይኑን ገልጦ ተኮሰ፣ ከአምስት ሦስቱን አገኘ። ወንድሜም ደስ አለው፤ የሰውየውን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጥሩ ተናግሯል። እስቲ ልጠይቅና እንመለሳለን በይው» አለኝ።

«ማንን ነው የምትጠይቀው?»

«ሰዎቻችንን ነዋ።»

የእኛ ነገር እንዲህ ነው። ሰው ሲያገባ፣ ሱቅ ሲቀይር፣ መኪና ሲገዛ ብቻውን ከወሰነ ንቆናል ይባላል። ጅምላ ነጋዴውና ዲያቆኑ ደግሞ በወንድሜ ሽጉጥ ምክንያት መነጋገር አቁመው ስለነበር ጉዳዩ ለሽማግሌ ቀረበ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጅምላ ነጋዴው መጋዘን ውስጥ፣ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ሰብሳቢያቸው በእስላሙም በክርስቲያኑም የተከበሩ፣ የተኳረፈ ባልና ሚስት ሳያስታርቁ የማይነሡ ሰው ነበሩ። የዘጠኝ ሚሊውን ወገን ሰሙ፣ የሠላሳ ስምንቱን ወገን ሰሙ፤ ከዚያ «ባለቤቱስ?» ሲባል ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ «ለእጄ እንኳ ሃያ ሁለቱ ነበር የተመቸኝ» አለ።

ሰብሳቢው ብዙ አሰቡ። «ዘጠኙ ይቅር፣ በጣም አነሰ» አሉ። «ከሃያ ሁለትም ያነሰ ምን ይሠራለታል?»

እኔ ከጆንያዬ ላይ ተነሣሁ። «አባባ፣ ዘጠኙ የተለካው በሚሊሜትር ነው፣ ሌሎቹ በኢንች መቶኛ ናቸው። ከሃያ ሁለቱ ይበልጣል።»

«ልጄ፣ ቁጥር ቁጥር ነው። ተቀመጪ» አሉኝ በፍቅር።

ከዚያም ፈረዱ። ሃያ ሁለቱም እንዳይቀየም፣ ሠላሳ ስምንቱም እንዳያዝን፣ መሃሉ ይያዝ፤ ሠላሳ ይሁን አሉ። ጅምላ ነጋዴውና ዲያቆኑ ተነሥተው ተቃቀፉ። ተመረቀልን። ወንድሜ እፎይ ብሎ ፈገግ ሲል ያየሁት ከዘረፋው ወዲህ ያን ቀን ነበር፤ እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ነው አሜን ያልኩት።

ሰኞ ተመልሰን ሄድን። «ሠላሳ የሚባል የለኝም» አለ የመሣሪያ ሱቁ ሽማግሌ፤ ከታችኛው መደርደሪያ አንዲት ያረጀች ትንሽ ሽጉጥ አወጣ። «ለዚያ የሚቀርበው ሠላሳ ሁለት ነው። ለመከላከያ ደካማ ነው፣ ለኢላማ ደግሞ ጥይቱ እንደ ልብ አይገኝም። ማነው የመከራችሁ?»

«ሽማግሌዎች ናቸው።»

«ተኳሾች ናቸው?»

«አይደሉም። ባልና ሚስት ነው የሚያስታርቁት።»

መነጽሩን አውልቆ ተመለከተን። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወንድሜ ግን «እሷኑ ያስቀምጥልን በይው» አለ፤ ቅጹን ይዘን ወጣን።

ቅጹ ላይ ሽጉጡ ለምን እንዳስፈለገ በደብዳቤ ማስረዳት ይጠየቃል። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ወረቀት ይዤ ፊቱ ተቀመጥኩ። «የዘረፋውን ቀን ንገረኝ፣ እኔ በእንግሊዝኛ አሳምሬ እጽፈዋለሁ» አልኩት። እስከዚያ ድረስ ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። የመኪናውን መምጣት ነገረኝ፣ የጎኑን በር ነገረኝ፣ ሽጉጡ እኔ ላይ መደገኑን ነገረኝ።

«ሲናገር በድምፁ አወቅኩት» አለኝ። «ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚወስደው ልጅ ነው። የዚያች የሰፈሩ ልብስ አጣቢ ልጅ።»

ለፖሊስም ለማንም አልተናገረም ነበር። ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ያን ቀን ሽጉጥ ቢኖረኝ እተኩስበት ነበር» አለ። «ዘጠኝ ሆነ ሠላሳ፣ እተኩስበት ነበር። ከዚያ በማግስቱ እናቱ ዳቦ ልትገዛ ስትመጣ ምን እላታለሁ? ይህን ጻፊልኝና የትኛው መጠን እንደሚሆን ያን ነጩን ሰውዬ ጠይቂልኝ።»

አሁን ሳስበው፣ ያን ሁሉ ወር ከሰው ሰው ሲያዞረኝ የከረመው አንዱ «ተወው» እንዲለው ነበር። ሁሉም ቁጥር ሰጡት። ያን ቀን ግን ይህ አልታየኝም፤ የታየኝ በከንቱ ያለቀው ጊዜና እኔ ላይ ዞሮ የነበረው አፈሙዝ ነው። ቅጹን አጣጥፎ ኪሱ ሲከት ተነሥቼ ጮህኩበት። «ፈሪ ነህ» አልኩት። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝን ሰው፣ ፊት ለፊት፣ ፈሪ ነህ አልኩት። እሱ ያን ሳምንት ዛንድስፕሩት ሄዶ ሱቁን ያለ ሽጉጥ፣ ብቻውን ከፈተ።

እንደ ዛትኩት ሦስት ሳምንት ወደ ሱቁ እግሬን አላነሣሁም። በአራተኛው ሆዴ አልችል ብሎ ምሳ ቋጥሬ ሄድኩ። ፀሐይ በቆርቆሮው ላይ ትንቀለቀላለች፤ የምስር ወጡን ሳህን እየገለጥኩለት ሳለሁ አንድ ጎረምሳ ፍርግርጉ ጋ መጣ። ግማሽ ዳቦና ኤርታይም ጠየቀ። ወንድሜ «ሳውቦና፣ ቡቲ» ብሎ በዙሉ ሰላም አለው፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ልጁ ቀና ብሎ ሳያይ «ዬቦ» ብሎ ሰላምታውን መለሰ። ወንድሜ ዳቦውን በፍርግርጉ ሲያቀብል ሽቦውን እየመታ ያንጫጫው ነበር። ልጁ ተቀብሎ ሄደ።

«እሱ ነው?» አልኩት።

«አዎ» አለና ወደ መደርደሪያው ዞሮ ተስተካክሎ የተቀመጠ ዳቦ ማስተካከል ጀመረ። ጀርባው በላብ ርሶ ነበር። ያን ጊዜ ነበር ፈሪ ያልኩትን ቃሌን ማንሣት የነበረብኝ፤ እኔ ግን «ምሳህ ቀዘቀዘ» ነው ያልኩት።

በዚያ ሱቅ አራት ዓመት ሠራ፣ ከዚያ አገሩ ገባ። ባለፈው ዓመት በልብ ሕመም አረፈ። ለቀብሩ መድረስ አልቻልኩም፤ ለቅሶው ላይ ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝተው አንድ ነገር ተናገሪ አሉኝ። ታጋሽ ነበር አልኩ፣ ለእኔ እንደ አባት ነበር አልኩ። ደፋር ነበር ማለት ፈለግሁ። ያን ለማለት ግን አንድ ቀን ምን ብዬ እንደጠራሁት መናገር ነበረብኝ። ሰዉም እየሰማ ነበር፤ እግዚአብሔር ያጽናናችሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።