አበባው የሚነቀል ብስክሌት

ከድሬዳዋ በወጣሁበት ማታ ባቡር ጣቢያ ቆሜ ያስለቀሰችኝ እናቴ አልነበረችም፤ ብስክሌቴ ናት። (ይህን ለእናቴ የሚያነብላት ሰው እዚህ ጋ ዘለል አድርጎ ይለፍ።) እናቴ ሳምቡሳውን በእቅፌ እያጨቀች መንገድ ላይ ከማንም ጋር እንዳልጣላ ስትመክረኝ፣ እህቴ የኔን ብስክሌት ወርሳ ከባቡሩ ጎን ትነዳለች። ባቡሩ ሲነቃነቅ ሁለቱንም ደወል አንድ ላይ እያንጫረረች ተከተለችን። በመስኮት የሚያይ ተሳፋሪ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

አዲስ አበባ ስወርድ ጠዋት ነው፣ ሰኔ ነው፣ አፌን ስከፍት ጭስ ወጣ። እውነቴን ነው፣ የታመምኩ መሰለኝ! እናንተ የድሬ ልጆች እዚያ አልጋችሁን ግቢ አውጥታችሁ በአንሶላ ትተኛላችሁ፤ እኔ እዚህ ካፖርት ለብሼ ተኝቼ እንኳ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ሐብሐብ ብላችሁ ብትጠይቁ ጎመን ያሳዩአችኋል። ሥራ ያገኘሁት አስኮ በኩል ካለ ፋብሪካ ነው፤ ቤት የፈለግሁት ደግሞ ኮልፌ፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ።

«አንቺ፣ እስቲ ክፍሉን አሳዪኝ» አልኳቸው እንደ ድሬ ልማዳችን።

«አንቺ? የት አብረን አድገን ነው?» አሉኝ። ወዲያው «እርስዎ» ተማርኩ። ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ። «ዕድርህ የት ነው?»

«እትዬ፣ እኔ ገና ዛሬ መግባቴ ነው።»

«ዕድር ለሌለው ሰው አላከራይም። እኔ ቤት ብትሞት ማን ያወጣሃል?»

«እኔ የመጣሁት ልሠራ ነው እንጂ ልሞት አይደለም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉኝ።

ሌላም ቤት ጠየቅሁ፤ ሌላውም ያንኑ አለኝ። ለምኜ ለምኜ እትዬ አስካለ እስከ እንቁጣጣሽ ፈቀዱልኝ። እስከዚያ ዕድር ካልገባሁ ሻንጣዬን ይዤ መውጣት ነው፤ ማለት ድሬ ተመልሼ የሰፈር መሳቂያ መሆን። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሄጄ እጅ ነሳሁ።

«እዚህ ማን ያውቅሃል?» አሉኝ መርፌያቸውን ሳያቆሙ።

«ድሬ ውሻው ሁሉ ያውቀኛል።»

«ውሻ ዋስ አይሆንም» አሉና ክር ቆረጡ።

ወደ ሥራ የሚወስደው አውቶቡስ ሁልጊዜ ጢም ብሎ ስለሚያልፈኝ ፒያሳ ሄድኩ። ድስቱም፣ ጃንጥላውም፣ ብስክሌቱም አብሮ የሚሸጥበት አንድ ትልቅ መደብር ገባሁና ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ከተደረደሩት ርካሹን መረጥኩ።

«ወንበሩ ድንጋይ ነው» አልኩት ሻጩን።

«ሲቀመጡበት ይለምዳል።»

«እሱ ነው ወይስ እኔ?»

«አንዳችሁ» አለኝ።

እቤት ሳደርሰው ለካ የገዛሁት ብስክሌት ሳይሆን ብስክሌት የሚመስል ብረት ነው። የፊቱ ጎማ እንደ ሰካራም ይወላገዳል፤ ካቴናው ያቃስታል። እሁድ ግቢ ውስጥ ጆንያ ዘርግቼ አንድ ሳላስቀር ፈታሁት። እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን ሰብስበው ቆሙ። «ትናንት የገዛኸውን ዛሬ ሰበርከው?» «እያበጀሁት ነው እትዬ» ብል አላመኑኝም። የደረቀውን ግራሶ በጋዝ አጥቤ አዲስ ሞላሁበት። ብስክሌቱን ገልብጬ፣ አጠገቡ እንጨት ተክዬ፣ ጎማውን እያሽከረከርኩ በአንድ በኩል ያለውን ሽቦ አጠበቅሁ፣ በሌላው አላላሁ፤ ጎማው እንጨቱን ሳይነካ ዞሮ ሲያልፍ በደስታ ጮህኩ። ጎረቤት ሁሉ ምን ሆነ ብሎ ወጣ።

አሁን ስሙኝማ የድሬ ልጆች፣ ይህ ጥፋት የእናንተም ነው። እኛ ሜዳ ላይ ያደግን ሰዎች ብስክሌት ስናሳምር ምን እናደርጋለን? መሪውን ዝቅ፣ የኋላውን ጥርስ ትንሽ፣ የፊቱን ፍሬን ደግሞ ለምኑ ብለን ነቅለን እንጥላለን። ድሬ ሰው የሚቆመው ጓደኛ ሲያይ ብቻ ነው፤ እሱንም በእግሩ። እኔም ልክ እንደዚያ አድርጌ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ ከበሩ ወጣሁ። ኮልፌ ግን ቁልቁለት ናት! ጫማዬን መሬት ላይ ብጎትት ጭቃው ጭራሽ አንሸራተተኝ። አጥር ጥሼ ጎመን መሐል ተዘረርኩ። ቀና ስል የጎመኑ ባለቤት ጋሽ ሽብሩ የልብስ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳጠለቁ ከላዬ ቆመዋል።

«አሁን አወቅሁህ» አሉኝ።

ጎመኑን መልሼ ከተከልኩ በኋላ ከዜሮ ጀመርኩ። ለዳገቱ ከመርካቶ ትልቅ የኋላ ጥርስ አመጣሁ። ፍሬኑን መልሼ በሁለቱም ላይ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ የቆረጥኩትን ላስቲክ አሠርኩ። ጭቃ እየጠቀጠቀ ጎማውን የሚያንቀውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ነቀልኩ፤ ጀርባዬ ቢበላሽ ይታጠባል። በመጨረሻ የድሬነቴን ጨመርኩበት። የፕላስቲክ አበባ ፊት ለፊት፣ መስታወት ግራና ቀኝ፣ ደወል ሁለት። በማግስቱ እንደ ባለሥልጣን ተዝናንቼ አስኮ ስወርድ፣ አውቶቡስ ላይ የተንጠለጠለው ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ አየኝ። አቦ፣ ደስ ሲል! ሰው አገር መሆኔን ረስቼ ዘፈንኩ።

ነሐሴ ላይ አቶ በቀለ የሚባሉ የዕድሩ አባል አረፉ። ጥሩምባ ነፊው ጉልበቱ አብጦ ተኝቷል፤ ዘመዶቻቸው ያሉት ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ሳንሱሲ ነው። ማልደው ጋሽ ሽብሩ በሬን አንኳኩ።

«ያ ጎመን አጥፊ ብስክሌትህ ሳንሱሲ ይደርሳል?»

«ይበራል እንጂ!» አልኩና ልብሴን በወጉ ሳልቆልፍ ወጣሁ።

አበባውን ማን አስታወሰው! ኮረኮንቹ ላይ ሁለቱ ደወሎች በራሳቸው ይንጫረራሉ፤ ሰው እየሳቀ ከየደጁ ይወጣል። ሳንሱሲ አንዲት ሴትዮ ገና ሲያዩኝ እልልታቸውን አቀለጡት። «እልልልል! የማንን ሰርግ ነው የምትጠራው?»

«አቶ በቀለ አርፈዋል፤ ቀብር ስድስት ሰዓት ነው» አልኳቸው። እልልታው አፋቸው ላይ ወደ ዋይታ ተቀየረ። እኔም ኀፍረቴን የማደርግበት አጣሁ። ቢሆንም አንድ ዘመድ ሳይቀር በሰዓቱ ደረሰ።

የሚቀጥለው እሁድ ዕድሩ ስለኔ ተሰበሰበ። «መርዶ በሙሽራ ብስክሌት! ሟችን መናቅ ነው» አሉ አንዱ። «የሳንሱሲ ሰው ከአፈሩ በፊት የደረሰው ገና ዘንድሮ ነው» አሉ ሌላው። ጋሽ ሽብሩ ዘወር ብለው «አበባውን ጣለውና እንቀበልህ» አሉኝ። አበባው ከተጣለ ከድሬ ምን ይቀርልኛል? ግን ኀፍረቱ እንቅልፍ ነስቶኝ ስለነበር ሳምንቱን ሳስብበት ከርሜያለሁ። አበባውንም ደወሎቹንም በአንድ ብረት ላይ አሥሬ፣ በእጅ በሚላላ አንድ ብሎን ብቻ አንጠልጥያቸዋለሁ። ፊታቸው አንዴ ጠመዘዝኩ፤ ጌጡ ሁሉ እጄ ላይ ቀረ። «ይኸው ለለቅሶ።» መልሼ ጠመዘዝኩ። «ይኸው ለሰርግ።»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ከበቡት። «እስቲ እኔ ልሞክረው» ተባባሉና እየተቀማሙ ሲያወጡና ሲያስገቡ፣ ሲስቁም ዋሉ። ሲደክማቸው ተቀበሉኝ። እትዬ አስካለ «በል እንግዲህ፣ አሁን መሞት ትችላለህ» ብለው መረቁኝ።

በነጋታው ወደ ስልክ ቤት በረርኩ። እናቴን ጎረቤታችን ካለው የሐላዋ ጣፋጭ ሱቅ በስልክ አስጠራኋት።

«እማዬ! ዕድር ገባሁልሽ! በቃ፣ ኮልፌ ሰው አደረገችኝ!»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» ብዬ ጮህኩ።

«እሰማሃለሁ።»

«ታዲያ ደስ አላለሽም?»

«ብሎኛል ልጄ። ሰው እንደ ሰው ካከበረህ ምን እፈልጋለሁ።» ቀጠለች። «እኔ እኮ እዚህ ያለውን ዕድርህን ስከፍልልህ ነበር። አንድም ወር አላስተጓጎልኩም።»

«በየወሩ?» አልኳት።

«ታዲያ ላሰርዘው?» አለችኝ።

የስልክ ቤቷ ልጅ በመስታወቱ በኩል ጊዜዬ ማለቁን በጣቷ ታሳየኛለች። እኔ መነጋገሪያውን በሁለት እጄ ጨብጬ እናቴ ስትተነፍስ እሰማለሁ።