ኮምፒውተሩን ያጠፋሁበት ቀን

ባለፈው ወር አርባ ምንጭ ውስጥ ለመምህራን በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ሱራፌልን አየሁት። አሠልጣኙ እሱ ነበር። ፀጉሩ ሳስቷል፣ ሆዱ ወጥቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው፣ ክፍል ሞልቶ ወደ ውጭ የሚፈስ። ምሳ ሰዓት ላይ የጫሞን ሐይቅ ቁልቁል ከሚያሳየው በረንዳ ተቀምጠን የዓሣ ጥብስ ቀረበልን። ሱራፌል በሹካው ወደ እኔ ጠቆመና ለጠረጴዛው ሁሉ፣

«ይቺን ዝምተኛ ሴት ታዩዋታላችሁ? ፈታኞች ፊት ኮምፒውተር አጥፍታ ምርቃታችንን የቀበረችብን እሷ ናት!» አለ።

ሰዉ ሳቀ። አንዱማ የጎረሰው አንቆት ጀርባውን እስኪመቱለት ድረስ ሳቀ። እኔ የዓሣዬን እሾህ መልቀሜን ቀጠልኩ። እሾህ እየለቀሙ መናገር አልወድም፤ ደግሞም ለምን እንዳጠፋሁት አንድም ሰው አልጠየቀኝም። እዚያ ስላልተጠየቅኩ እዚህ እናገራለሁ።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ደጋው ገረሴ ላይ እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ እኔ ፊደል እቆጥር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዳንሳ ድንችና ገብስ እየሸጠ አስተማረኝና ሚሌኒየሙ በተከበረ ሰሞን አርባ ምንጭ ወርጄ ኮሌጅ ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍቼ ስገባ ተማሪዎቹ መምህር መስዬአቸው ብድግ አሉ። ቀድሞ የሳቀው ሱራፌል ነበር። «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ፣ እትዬም እንደኛው ናቸው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ አስናቀች መሆኑ ቀረና እትዬ ሆንኩ።

እሱ ከሰሜን ተመድበው የመጡ ሹም ልጅ ነው፤ ሴቻ ሰፈር ውስጥ ግቢው ማንጎ በሞላበት ቤት ያደገ። ፈጣን ነበር፤ ይህን አልክድም። ለመመረቂያ ሥራ ሁለት ሁለት ሆነን ስንመደብ ዕጣ ከእሱ ጋር ጣለኝ። ርዕሱን የመረጠው እሱ ነው። የቼዝ ፕሮግራሞች ለሰው ከባድ የሆኑ እንቆቅልሾችን ምን ያህል መፍታት ይችላሉ የሚል። እኔ ቼዝ አላውቅም ነበር። ከቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ተውሼ ተማርኩት። እስከ ዛሬ ማንንም አሸንፌ አላውቅም፤ የጨዋታው ሕግ ግን ደስ ይለኛል። ፈረስ እንደ ፈረስ ነው የሚሄደው፤ የሹም ፈረስ ስለሆነ ብሎ ሌላ መንገድ የለውም።

ሥራችን እንዲህ ነበር። እንቆቅልሹን ኮምፒውተሩ ላይ እንደረድራለን፣ ፕሮግራሙን እናስነሳለን፣ ትክክለኛውን እርምጃ ያገኝ እንደሆነና እስኪያገኝ ምን ያህል እንደቆየ እንመዘግባለን። እንቆቅልሾቹ የመጡልን ግን በፎቶ ኮፒ ነው፤ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ። ቀለሙ ፈሶ ነጩን ወታደር ከጥቁሩ መለየት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ሱራፌል አንድ ዘዴ አመጣ። ከደረደርን በኋላ ፕሮግራሙ ክፍት እንደሆነ ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን መልስ እስከ መጨረሻው እንጫወተዋለን። ንጉሡ ከተያዘ አደራደራችን ልክ ነበር ማለት ነው። ከዚያ እርምጃዎቹን ወደ ኋላ መልሰን «በል እንግዲህ ፍታ» እንለዋለን።

ፕሮግራሙም ይፈታል። ዓይን ሳይርገበገብ ይፈታል። ሱራፌል በየእንቆቅልሹ ጠረጴዛውን በቡጢ ይደልቃል። የበጋው ሙቀት ከአባያ ሐይቅ በኩል በመስኮቱ እየገባ ሸሚዛችንን ጀርባችን ላይ ያጣብቀዋል፤ እኔ የሽፈራው ቅጠል ወጥና ፎሰሴ፣ የበቆሎ ድቡልቡል፣ በሣህን ይዤ እመጣለሁ፤ እሱ አፍንጫውን ይዞ «እትዬ ደግሞ የዛፍ ቅጠል ይዘው መጡ» ይላል። አልመልስለትም ነበር። ዝምታዬን ፍርሃት አድርጎ ነው የወሰደው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን እየሠራሁ መብራት ጠፋ። በዚያ ዘመን መብራት መጥፋቱ ወሬ አይደለም። ሲመለስ ኮምፒውተሩን አስነሳሁና ያቆምኩበትን እንቆቅልሽ ከፈትኩት። እጅግ የምወደው ነበር። ነጩ ንጉሥ አንዲት ቤት ፈቀቅ ይላል፣ በቃ። አይበላም፣ አያስፈራራም፤ ጥቁሩ ግን ከዚያ በኋላ መድረሻ ያጣል። ጠዋት ፕሮግራሙ ይህን እርምጃ ወዲያው ነበር ያገኘው። አሁን አደራደሩ ልክ መሆኑን ስለማውቅ መልሱን ሳልጫወት ጠየቅኩት። አሰበ። ንግሥቷን ወዲህ ልውሰድ አለ፤ ቆይቶ ፈረሱን ልበል አለ። ሣህኔን አጥቤ ተመለስኩ፤ አሁንም ፈረሱ ላይ ነው። ንጉሡን አልነካውም።

ያኔ ገባኝ። መልሱን ስንጫወትለት ፕሮግራሙ ያየውን ሁሉ ይይዝ ነበር። ወደ ኋላ ብንመልሰውም አይረሳም። የሚያስረሳው መዝጋት ብቻ ነው። ስንፈትነው የኖርነው መልሱን በጆሮው ሹክ ካልነው በኋላ ነው። ሌሎቹንም እየዘጋሁ ሞከርኳቸው። እንደዚያው ሆኑ።

በማግስቱ ለሱራፌል ነገርኩት።

«መብራቱ ነው ያበላሸው» አለኝ።

«መብራቱ ያበላሸው እኛን ነው። ሁሉንም እንደገና መሥራት አለብን።»

«እትዬ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ነው መመረቅ የምፈልገው። የአንቺ አልፏል።»

ወደ አማካሪያችን ወደ መምህር ታደለ ሄድኩ። ጠረጴዛቸው ላይ የሥራችን ጥራዝ በሰማያዊ ሽፋን ተጠርዞ ተቀምጧል፤ ስማቸው ከእኛ ስም በላይ በደማቁ ተጽፏል። የምለውን እስከ መጨረሻው አልሰሙኝም።

«አስናቀች፣ አንቺ ያልገባሽ ነገር ሁሉ ስህተት አይደለም» አሉ።

«ኮምፒውተሩን ዘግተው ይሞክሩት፣ ጋሼ።»

«መጀመሪያ በሩን ዝጊው።» በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ዝም ብል እመረቅ ነበር። ዳንሳ ከገረሴ ወርዶ ሲቀላ ሰፈር ዘመድ ቤት አርፏል። ለምርቃቴ ብሎ ያሸመነውን የአገራችንን ልብስ፣ ዱንጉዛ፣ ይዞልኝ መጥቷል፤ ቀዩና ቢጫው ገና የሚያቃጥል። በቤታችን ኮሌጅ የጨረሰ ሰው አልነበረም። ሱራፌል ቤት በሬ ተገዝቷል ይባላል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ደግሞም በሰማያዊው ጥራዝ ላይ ስሜ አለ፤ ከሥሩ የተጻፈው ውሸት ነው።

ሥራችንን የምናቀርብበት ቀን ፈታኞቹ ከፊት ተደርድረዋል፤ ከኋላ ተማሪው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሱራፌል የአባቱን ክራቫት አስሯል። ጥሩ ተናገረ። በመጨረሻ «በዓይናችሁ እዩት» ብሎ ያንኑ የንጉሡን እንቆቅልሽ ከፈተ። ጠዋት ቀድሞ ገብቶ መልሱን ሲያጫውተው በመስኮት አይቼዋለሁ። ቁልፉን ነካ፤ ንጉሡ ወዲያው ፈቀቅ አለ። ጭብጨባ ሆነ።

«ወይዘሪት አስናቀች የምትጨምሪው አለ?» አሉ አንደኛው ፈታኝ።

ተነሥቼ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አልኩና የኮምፒውተሩን መሰኪያ ነቀልኩት። መልሼ ሰካሁት። እስኪነሳ ድረስ ቆሜ ጠበቅኩ። ያንኑ እንቆቅልሽ ከፈትኩና «አሁን ይፍታው» አልኩ።

አልፈታም። ፈረሱን ይላል፣ ንግሥቷን ይላል። ፈታኞቹ አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። ሱራፌል ላቡ በክራቫቱ ላይ እየወረደ፣

«ምን አደረግሽው? ምን አድርገሽው ነው?» አለ።

«መልሱን እንዲረሳ ነው ያደረግኩት።»

መምህር ታደለ ጥራዙን ከጠረጴዛው አንሥተው ብብታቸው ሥር ከተቱት።

ሥራው ተመለሰ። ሁለታችንም በዚያ ዓመት አልተመረቅንም። ኮሪደሩ ላይ ሱራፌል «ባላገር! ምቀኛ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ እናቱ ሳያዩኝ አለፉ፤ ከዚያ ቀን በኋላ አጠገቤ የሚቀመጥ ተማሪ ጠፋ። እነዚህን ሁሉ ቻልኳቸው። ያልቻልኩት ዳንሳን ነው። ሲቀላ ሄጄ የሆነውን ስነግረው በጋሞኛ፣

«እውነትሽን ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«እውነትሽን መሆኑን ማን ጠየቀሽ?»

ዱንጉዛውን አጥፎ ወደ ከረጢቱ መለሰው። በማግስቱ ወደ ገረሴ በሚወጣው መኪና ሄደ።

ክረምቱን ሁሉ እኔና ሱራፌል እንደገና ሠራነው። ለእያንዳንዱ እንቆቅልሽ ፕሮግራሙን እየዘጋን፣ እየከፈትን። ከሥራው ውጭ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ፈታቸው ብለን ከጻፍናቸው ብዙዎቹን አልፈታቸውም ነበር። ዲፕሎማዬን ያለ ጋወን፣ ያለ ፎቶ፣ በሬጅስትራር መስኮት ተቀበልኩ። ዳንሳ ዱንጉዛውን በኋላ ላከልኝ፤ ያለ መልእክት።

ታሪኩ ይህ ነው። በረንዳው ላይ ሱራፌል የተናገረው ከዚህ ውስጥ መሰኪያዋን ብቻ ነው።

ከምሳ በኋላ ሥልጠናው ቀጠለ። የሙዝ በሽታን ከቅጠሉ ፎቶ የሚለይ ፕሮግራም አሳየን። የታመመ ቅጠል ፎቶ አስገባ፤ የበሽታው ስም ወዲያው መጣ። አዳራሹ አጨበጨበ። «ጥያቄ?» አለ። እጄን አወጣሁ። የምሳ ጓደኞቻችን ገና ከአሁኑ መሳቅ ጀመሩ።

«ይህን ቅጠል ፕሮግራሙ ከዚህ በፊት አይቶታል?»

ሱራፌል አልሳቀም። ረጅም ጊዜ አየኝ፤ ያቺ የኮሪደሯ ዓይን ናት፣ አላረጀችም።

«አላየውም» አለ። «ዛሬ ጠዋት እዚሁ ግቢ ካለው ሙዝ ላይ ነው ያነሣሁት። ትመጣለች ሲሉኝ ያዘጋጀሁትን ትቼ አዲስ አነሣሁ።»

አመሰግናለሁ አልልም፤ እሱም እንድል አልጠበቀም። እኔና እሱ እስከ ዕለተ ሞታችን አንዋደድም። ይሁን እንጂ በሕይወቴ እንደዚህ በጥንቃቄ የጠላኝ ሰው የለም፤ አዲስ ፎቶ ያስነሣው ያ ጥላቻ ነው። ከወዳጆቼ አንዱ እንኳ ለእኔ ሲል ሥራውን ሁለት ጊዜ መርምሮ አያውቅም።

ሻይ ሰዓት ላይ ሰዉ ወደ ኩኪሱ ሲሄድ እኔ ወደ ግቢው ወጣሁ። ሙዞቹ ከአጥሩ ጥግ ናቸው። እየገለጥኩ ያን የታመመ ቅጠል ፈለግኩ። ነጠብጣቡም፣ ጫፉ ላይ ያለው ቅዳጅም እንደ ፎቶው ነው። ቅጠሉ እዚያው ነበር።