ያልተጠረገው በረዶ

ባለፈው ጥር ከኦክላንድ ተነስቼ ጀርመን ያለችውን ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ሄድኩ። የምትኖረው በእርሻና በጥድ የተከበበች፣ አንድ ዳቦ ቤት ብቻ ያላት ትንሽ መንደር ውስጥ ነው። መንገድ ላይ ሰው አይታይም። መኪና ሲያልፍ ግን የመስኮቱ መጋረጃ ሁሉ ይነቃነቃል። ከዚህ ሌላ መዝናኛ ያላቸው አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳቦ ልንገዛ ስንወጣ በረዶው እህቴን አንሸራተታትና ደጃፏ ላይ ወደቀች። እጇ ተሰበረ። ፊት ለፊት የሚኖረው ሽማግሌ፣ አንቱ ልለው አንደበቴ እምቢ ይላል፣ ከቤቱ ወጣ። ሊያግዘን መስሎኝ ደስ አለኝ። እሱ ግን አጠገቧ ቆሞ በጣቱ መሬቱን እያሳየ አንድ ነገር ተናገረና ተመልሶ ገባ።

"ምንድን ነው የሚለው?" አልኳት እያነሳኋት።

"በረዶው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት መጠረግ ነበረበት ነው የሚለው። ደግሞ እውነቱን ነው፣ ደንቡ ነው።"

"እጅሽ ተሰብሮ ስለ ደንብ ታወሪኛለሽ?"

"አንተ የዛሬ ሳምንት ትሄዳለህ፤ እኔ ጎረቤቱ ነኝ" አለችኝ እያለቀሰች።

ሐኪም ቤት በጄሶ አሰሩላት። በማግስቱ ከእንቅልፌ ስነቃ በደህናው እጇ አካፋ ይዛ ደጃፏን ስትጠርግ አገኘኋት። አካፋውን ነጥቄ ጨረስኩላት። ሰውየውን ናቅኩት፤ እሷ ላይም ተናደድኩ።

ስመለስ፣ እዚያው ኦክላንድ አጠገብ ሄይዋርድ የምትኖር የሥራ ባልደረባዬ ፎቶዎቹን አይታ፣ "ዋው! ሰላሙ! እዚህ ሙቭ ባደርግ" አለችኝ።

"ሂጂና ኑሪበት" አልኳት።