ሉጥፊያና የአሥር ደቂቃው ቪዲዮ

ሉጥፊያ ያን ዕለት ጠዋት ሳዲቅን ሁለት ጊዜ አጠበችው። አንዴ ስለቆሸሸ፣ አንዴ ደግሞ ስለፈራች። ልጇ ገና ሦስት ወሩ ነው። ክፍሏን ጠርጋ፣ የልጁን ልብስ አጣጥፋ ስትንቆራጠጥ ላያት ፈተና የቀረበባት ተማሪ ትመስላለች። የምትጠብቀው ዱዓን ነው። ዱዓ ካርቱም ውስጥ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ካለ አንድ ጤና ጣቢያ እየመጣች፣ እናትና ልጅ አብረው ሲሆኑ አሥር ደቂቃ በስልኳ ትቀርጻለች፤ በሳምንቱ ተመልሳ እናቲቱ ልጇን እንዴት እንደምትይዝ ራሷ እንድታይ የቀረጸችውን ታሳያታለች። ሉጥፊያን ባለፈው ሳምንት ቀርጻታለች፤ ዛሬ የማሳያው ቀን ነው።

ጎረቤቷ መዲና ይህን ባትሰማ ጥሩ ነበር። መዲና ያልጠየቋትን የምትመልስ ሴት ናት። «አንቺ ሞኝ! ባልሽ ሊቢያ ገብቶ ድምፁ ጠፍቷል፣ ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ጊዜው አልፏል። ለምን ይቀርጹሻል? ልጅ መያዝ አትችልም ብለው ሊወስዱት ነው እንጂ!» አለቻት። ሉጥፊያ ወሬውን አላምንም ብትልም ሆዷ ግን አምኖታል። አንድ ለማንም ያልተናገረችው ነገር አለና፤ ልጇ አይስቅላትም። የሌላ ሰው ልጆች በዚህ ዕድሜያቸው ይፍለቀለቃሉ፣ የእሷ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ዱዓ ከባለ ሦስት እግሯ ሪክሻ ወርዳ ገባች። እናቷ የወሎ ሰው፣ አባቷ ሱዳናዊ ናቸው፤ እዚያው ካርቱም ስላደገች አማርኛዋ ይሰናከላል።

«ሉጥፊያ፣ ከይፊክ? ያላ፣ ሁለታችን እናያለን» አለች።

«ዱዓ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጄን ልትወስዱት ነው?»

ዱዓ ደነገጠች። «ላ፣ ላ! ማን ይወስዳል? ቪዲዮው ያንቺ ነው። አይተን፣ ካልፈለግሽ ኸላስ፣ እናጠፋለን።»

ሉጥፊያ አላረፈችም። ሰው ደግ ሲሆንባት ይበልጥ ትጠረጥራለች፤ አሥር ዓመት ሰው ቤት የሠራች ሴት በዚህ አትወቀስም።

ቪዲዮው ተከፈተ። ሉጥፊያ ራሷን አየች። እጇ ፈጣን ነው፤ ታጥባለች፣ ትቀባለች፣ ታለብሳለች። ልጁን ግን አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችውም፤ ቃልም አልተነፈሰች። ይህን አያያዝ ታውቀዋለች። ጀሪፍ ሰፈር፣ ነዕማት የምትባል እመቤት ቤት የተማረችው ነው። የነዕማትን ልጅ ራሚን ከአራስነቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ነበረች፤ ታጫውተው፣ ታንጎራጉርለት ነበር። ራሚ አፉን ሲፈታ እሷን «ማማ» አላት። በማግሥቱ ሻንጣዋን በር ላይ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ በገባችበት ቤት ሁሉ ልጅ ስትይዝ ፊቱን አታይም። እንጀራዋ ነውና ልጁ እንዳይለምዳት ትጠነቀቃለች። ጉድ እኮ ነው! የገዛ ልጇንም፣ የሚያባርራት በሌለበት፣ እንዲሁ ይዛው ኖራለች።

በቃ፣ ተያዝኩ ብላ አሰበች።

ዱዓ ግን ቪዲዮውን አቆመችው። «ሹፊ፣ እዚህ እዪ። አንቺ ጨርቅ ለማምጣት ሄድሽ። እሱ የት ያያል?»

በስልኩ ውስጥ ሳዲቅ አንገቱን አጣሞ፣ ዓይኑን እያንከራተተ እናቱ የሄደችበትን ይከተላል። ስትመለስ እግሩን አወራጨላት። እሷ አቀርቅራ የልብሱን ቁልፍ ትቆልፋለች። ልጁ ትንሽ ጠብቋት፣ ጠብቋት፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ።

«እኔን ነው የሚፈልገው?» አለች ሉጥፊያ።

«ታዲያ ማንን?»

ልጇን አነሳችና ፊቱን ከፊቷ ትክክል አደረገችው። «ሳዲቅ» አለችው። ልጁ አየት አደረጋትና ፊቱን አዞረ። «አየሽ? አልፈለገኝም!» ልታስቀምጠው ስትል ዱዓ ክንዷን ያዘቻት።

«ሹወያ፣ ቀስ በይ። ሕፃን ይደክመዋል። ዓይኑን ያሳርፋል፣ ይመለሳል። አንቺ ብቻ እዚያው ሁኚ።»

ሉጥፊያ ጠበቀች። ደላላ ጠብቃ ታውቃለች፣ የባሏን ስልክ ወራት ጠብቃለች፤ እንዲህ ያስጨነቃት መጠበቅ ግን አልነበረም። ሳዲቅ ግድግዳውን አየ። የዱዓን ሻሽ አየ። ከዚያ ዞረ። የእናቱን ፊት ከግንባሯ እስከ አገጯ መረመረው፤ አፉም ቀስ ብሎ ተከፈተና ድዱ ታየ።

«ይቅር በለኝ የኔ ጌታ» አለችው እንባዋ እየወረደ፤ «እንዳትወደኝ እኮ ነበር የምጠነቀቀው።»