ግማሽ ኪኒን

ከጅጅጋ የወጣሁበት ምሽት እናቴ አንገቴን አንቃ አልለቅ አለችኝ። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ባሌ ጅቡቲ ሥራ አግኝቶ "ነይ" ብሎኛል። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆቼ በሰባት ወራቸው ተወልደው አልተረፉልኝም። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር የሦስት ወር ቫይታሚን በፌስታል ቋጥራ፣ "ዋስትና አይሆንሽም፤ ግን አንድም ቀን እንዳታቋርጪ፣ አደራ!" አለችኝ።

ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ፣ ፈታሹ ፌስታሉን ከፍቶ አፈጠጠብኝ።

"ይሄ ሁሉ ኪኒን ለንግድ ነው?"

"ለሆዴ ነው፣ ጌታዬ።"

"ሆድሽ ፋርማሲ ነው እንዴ?"

ሳቀና አሳለፈኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ!

የጅቡቲ ሙቀትስ ጉድ ነው! ጅጅጋ ላይ ያማረርኩት ነፋስ እዚህ በሕልሜ ይመጣል። ያከራዩን ኤዶ ሐሊማ ናቸው፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። "የምትከፍይው ለቤቱ ነው፤ የምሳ ብር ብታወጪ አባርርሻለሁ!" አሉኝ ገና በመጀመሪያው ቀን። ከእሳቸውና ከምራታቸው ከሁዳ ጋር ከአንድ ትሪ ሩዝ እንበላለን። ሁዳም እርጉዝ ናት፤ ያዞራታል፣ ሐኪም አይቷት አያውቅም። ኪኒኔን ሳወጣ ዓይኗ ተከተለኝ። እስቲ ፍረዱኝ! ከትሪያቸው በልቼ ብቻዬን ልዋጥ? ሰብሬ ግማሹን ሰጠኋት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ሆነ።

ለሁለታችን እንዲበቃ ብዬ ክሊኒክ ብሄድ ጸሐፊው የመኖሪያ ወረቀት ጠየቀኝ።

"የለኝም።"

"ካልተመዘገብሽ እኛ ዘንድ እርጉዝ አይደለሽም።"

"ታዲያ ይሄ ሆድ የማን ነው?"

"ቀጣይ!" አለ።

በሰባተኛው ወር ምጥ መጣ። ሴት ልጅ ነበረች፤ ሁለት ቀን ማሞቂያ ውስጥ ቆይታ ሞተች። ሐኪሙን በአስተርጓሚ "ግማሽ ስለዋጥኩ ነው?" አልኩት። "አይታወቅም" አለኝ። ይሄ "አይታወቅም" ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ሁዳ በሳምንቱ፣ ወሯ ሞልቶ፣ ወንድ ወለደች። ልጁን አቀፍኩት፤ ቀናሁም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለች። ለሁለቱ ያለቀሰችው እንባ ሳይደርቅ ሦስተኛዋን በምን አፌ ልንገራት?

"እየበላሽ ነው፣ ልጄ?"

"እየበላሁ ነው፣ እማዬ።"

"ይራገጣል?"

እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ።

"ይራገጣል" አልኳት። "በተለይ አንቺ ስትደውዪ።"