የሁለት ሰዓቱ ሙከራ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ይዝጉት» እያልን ነበር የምንጠራት። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ኢንተርኔታቸው እምቢ ያላቸውን ደንበኞች «አሁን ስልኩን ይዝጉት፣ ያልኩዎትን ይሞክሩና መልሰው ይደውሉልኝ» ስትል ነው የምትውለው። የሚያጫት ሰው ቢመጣ እንኳ «ይዝጉትና መልሰው ይደውሉ» ትለዋለች እያልን እንስቅባት ነበር። ያን ጊዜ እሷም አብራን ትስቅ ነበር።

ለቀልድ ይመቻል እንጂ ሌላ መላ አልነበራትም። ሞባይል ገና በየኪሱ ያልገባበት ዘመን ነው። እኛ የምንሸጠው ኢንተርኔት ግማሹ በምድር፣ ግማሹ በሰማይ ነበር። ደንበኛው የሚልከው ጥያቄ በቤቱ የስልክ ሽቦ እየተንፏቀቀ ይወጣል፤ መልሱ ደግሞ ከሳተላይት፣ ጣሪያው ላይ በተተከለው ሳህን በኩል ዱብ ይላል። ሲሠራ እሰየው ነው። ሲበላሽ ግን ጉድ ይፈላል፤ ሰውየው ያለው አንድ ስልክ ነዋ! በእሱ ከእኛ ጋር ካወራ ኮምፒውተሩ መደወል አይችልም፤ ኮምፒውተሩ ከደወለ ደግሞ እሱ እኛን ማግኘት አይችልም። ስለዚህ አንድ ነገር ትነግረዋለች፣ ይዘጋል፣ ይሞክራል፣ ይደውላል። ለአንድ ብልሽት አሥር ጊዜ፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት ጊዜ። እኔ የፈረቃ ኃላፊዋ ነበርኩ፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። በእሷ ቦታ ብሆን በሳምንቴ ቆሽቴ አርሮ ጥዬ እወጣ ነበር።

እሷ ስድስት ዓመት ቆየች። የምትኖረው ልብስ ሰፊ ከሆነችው ታላቅ እህቷ ጋር በአንዲት ክፍል ነው። ቤት ውስጥ ስልክ ቢጮህ አታነሳም፤ እህቷ መርፌዋን በጥርሷ ይዛ ትነሳለች። ግራ ጆሮዋ ስልክ እየተጫነው ስለሚያማት በዚያ በኩል አትተኛም ብላኛለች እህቷ። ደንበኞቿን አንዳቸውንም በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ቤታቸውን ግን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ትስላለች። ኮምፒውተሩ በየት በኩል ነው፣ ስልኩ የትኛው ክፍል ነው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ስንት እርምጃ ይሆናል። ጊዜ ማባከን ነው ብዬ ተቆጥቻት ነበር። «ሰውዬው ስንት እንደሚራመድ ካላወቅኩ ስንት ደቂቃ እንደምጠብቀው በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። ኃላፊ ስለሆንኩ ብቻ ኮስተር አልኩ።

አንድ ደንብ ደግሞ ነበረ። የተጠገነ መስመር ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ ቆይቶ ካልታየ የብልሽቱ ፎርም «ተፈቷል» ተብሎ አይዘጋም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ተጠገነ የተባለ መስመር በማግስቱ እየተበላሸ ስላስቸገረኝ።

አንድ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ደወሉ። ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው፤ ከከተማው የአንድ ቀን መንገድ ርቀው ይኖራሉ። ዳሌያቸው ተሰብሮ በሁለት ክራንች ነው የሚሄዱት። ሚስታቸው ታመው ዋናው ከተማ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሴት ልጃቸው ታስታምማለች። በሽተኛዋ ከአልጋ ተነስተው ስልክ ጋ መድረስ ስለማይችሉ፣ ልጅቷ እናቷን በቪዲዮ ቀርፃ ለአባቷ በኢሜይል ልካላቸዋለች።

«ልጄ፣ ይሄ ቪዲዮ አልወርድ አለኝ» አሉ።

«ስንት ሰዓት ይቀረዋል ይላል ጋሼ?»

«አሥራ አራት ሰዓት። እሷ ደግሞ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን ትገባለች። ከመግባቷ በፊት ባያት ብዬ ነው።»

«ያዩዋታል» አለች። እንዲህ ዓይነት ቃል ለደንበኛ አይሰጥም። እሷም ሰጥታ አታውቅም ነበር።

ደብተሯን ስባ የሽማግሌውን ቤት ሳለች። ከኮምፒውተሩ እስከ ስልኩ አሥራ አንድ እርምጃ፣ በክራንች፣ መሐል ላይ አንድ ደፍ አለ። ከዚያ ጀመሩ። ይዘጋሉ፣ ይሞክራሉ፣ ይደውላሉ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ሳህኑ ደህና ነው፣ ስልኩም ደህና ነው። በአምስተኛው ጥሪ ላይ ከኮምፒውተሩ ጎን ያለችውን የሳተላይት መቀበያ መብራት እንዲያዩላት ጠየቀች። ቪዲዮው ሲወርድ መብራቷ ንቅንቅ አትልም። ገባት። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሩን ያጸዳላቸው ባለሙያ አንድ ነገር ነካክቷል። ማሽኑ ለሚልከው ጥያቄ ሁሉ መመለሻ አድራሻ አድርጎ የሚጽፈው ሳህኑን ሳይሆን የስልክ ሽቦውን ነበር። መልሱም ሰማዩን ትቶ በዚያችው ቀጭን ሽቦ እየተጎተተ ይመጣል።

የትኛውን መስኮት እንደሚከፍቱ፣ የትኛውን ቁጥር አጥፍተው የትኛውን እንደሚጽፉ አንድ በአንድ አስጻፈቻቸው። አንዴ ቁጥር ገልብጠው ጻፉ፤ እንደገና ጀመሩ። ምሳ አልወጣችም። በአሥራ አንደኛው፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ የሽማግሌው ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«መብራቷ ትጨፍራለች ልጄ! መሮጥ ብችል ሮጬ በመጣሁ!»

እሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ፣ ተራምደው እስኪገናኙ ሩብ ሰዓት ጨምራ፣ ምክንያቱን ሳትጠቅስ ደንቡ የሚለውን ነገረቻቸው። «አሁን መልሰው ይገናኙ፤ በደንብ ይወርድልዎታል። ግን ጋሼ፣ እስከ ስምንት ከአርባ አምስት ድረስ መስመሩን እንዳይዘጉት። ምንም ቢሆን እንዳይነኩት።»

«እሺ የኔ ልጅ። ስምንት ከአርባ አምስት።»

ቀያሽ ናቸው። ልክ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ራሷ ደወለችላቸው። ደስታዋን እኔም እንድሰማላት ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው። ስልኩን ሌላ ሰው አንስቶ ለሳቸው ሰጠ። ከኋላ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ፣ አዩት?»

«አየሁት። በአሥራ ሦስት ደቂቃ ወረደ። ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል። ዐረፈች፣ ልጄ። ከኦፕራሲዮኑ አልወጣችም።»

ክው አለች። ወንበሯን ያዝኩላት።

«ልትገባ ስትል ነርሷ አዝናላት በአልጋዋ እየገፋች የሆስፒታሉ ስልክ ጋ አድርሳት ነበር አሉ። እኔን ልታናግረኝ። ከስምንት ሰዓት እስከ ስምንት ከአርባ ደወሉ። መስመር ተይዟል ይላል። ከዚያ ሐኪሞቹ አስቸኮሏት።» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። «እኔ እዚሁ ተቀምጬ ቪዲዮዋን እየደጋገምኩ አያለሁ። ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ልወቀው ብዬ ነው እንጂ ለወቀሳ አይደለም። ቪዲዮው ከወረደ በኋላ ያ ሁሉ ሰዓት መቆየቱ ለምን ነበር?»

ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩባት፤ እንዳትናገሪ ማለቴ ነው። ለቪዲዮው ያስፈልግ ነበር ማለት ትችላለች፤ ማንም አያውቅባትም፣ ሽማግሌውም ይጽናኑበታል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ስለ ሽማግሌው ብቻ ግን አልነበረም።

«ለፎርም ነው ጋሼ» አለች። «መስመሩ አለመቋረጡን ለመፈተሽ። ቪዲዮው እንዳለቀ መዝጋት ይችሉ ነበር።»

ከኋላ አንዲት ሴት ታለቅሳለች።

«እኔኮ» አሉ ቀያሹ ቀስ ብለው፣ «ብዘጋው እሷ ላይ አንድ ነገር የሚደርስ መስሎኝ ነው። ለዚያ ነው ያልነካሁት።»

«የእኔ ጥፋት ነው ጋሼ» አለች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «እኔ ነኝ ያልኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

ደንቡ የእኔ ነበር። ከእሷ አንድ ክንድ ርቄ ተቀምጫለሁ፤ ስልኩን ከእጇ ተቀብዬ ይህንኑ መናገር እችል ነበር። ሽማግሌው መልስ እስኪሰጧት ስትጠብቅ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ፊቴ ያለውን ወረቀት የማነብ መሰልኩ።